እህልና ጥራጥሬ ሲበቅሉ በቪታሚናቸው ላይ የሚደርሰው ለውጥ፤ ስለ ብቅልና ስለ በቆልት

መግቢያ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በመቀሌና በአካባቢዋ፣ እህልን አብቅሎ ለምግብና ለመጠጥ ማዋል የቆየ ልማድ ነው። ለጠላ የሚሆነው ገብስ ተዘፍዝፎና በቅሎ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ብቅል ይባላል፤ በትግርኛ ብቕሊ፣ ጠላውም ስዋ ይባላል። ባቄላና ሽምብራም እንደዚሁ ተዘፍዝፈው ሲጎነቁሉ በቆልት ተብለው ተቀቅለው ወይም ተቆልተው በጨው ይበላሉ። ሁለቱም የሚገኙት ከአንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ደረቁን ፍሬ ውሃ አጠጥቶ እንዲበቅል ማድረግ ነው።

ከመካከላችን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ባቄላን በእርጥብ ጥጥ ላይ አስቀምጠን ሥሩና ቅጠሉ ሲወጣ እየተመለከትን በደብተር እንጽፍ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ይህንኑ ነገር እናቶቻችን በጓዳ ሲሠሩት ኖረዋል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱና ጓዳው የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፍሬው ሲበቅል በውስጡ ያለው ቪታሚን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የጨመረውስ እስከ ገበታችን ይደርሳል? የሚሉትን ጥያቄዎች በትምህርት ቤትም ሆነ በቤት የጠየቀን አልነበረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መመለስ ነው። በመጨረሻም ነገሩ ለችግር ጊዜ ያለውን ጥቅም እናመለክታለን። ብዙዎቻችን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በቆየው ጦርነት ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። መንገድና ባንክ በተዘጋበት በዚያ ወራት በየቤቱ የነበረው ምግብ ደረቅ እህልና ጥቂት ጥራጥሬ ስለ ነበረ፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

1. ፍሬው ሲበቅል በውስጡ የሚሆነው

ደረቅ ፍሬ የሞተ አይደለም። በውስጡ ሽሉ አለ፤ ለሽሉም ስንቅ የሚሆነው ስታርች፣ ፕሮቲንና ቅባት ተከማችቶለታል። የምስር ፍሬ ከመቶው 8 ያህል ብቻ ውሃ ስላለው የሕይወት ሥራው እጅግ አዝግሞ ይኖራል። ፍሬው በተዘፈዘፈ ጊዜ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው ያብጣል፤ ኤንዛይም የሚባሉት የሥራ መሣሪያዎችም ይነሣሉ። ስታርቹን ወደ ስኳር፣ ፕሮቲኑን ወደ አሚኖ አሲድ እየለወጡ ለሽሉ ያቀርቡለታል። ጠላ ጠማቂዋ ብቅል የምትፈልገው ስለዚሁ ነው፤ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም የሌላውንም እህል ስታርች ወደ ስኳር ይለውጥላታል፤ እርሾውም ያንን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል።

ሽሉ ማደግ ሲጀምር አየር ይስባል፤ የተከማቸውን ስንቅም ያቃጥላል። ከዚህ ሥራ የሚነሡ ጎጂ የኦክሲጅን ውላጆች ስላሉ፣ ቡቃያው ራሱን ለመጠበቅ ቪታሚን ሲን ከስኳር ይሠራል። ዕፀዋት ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ሰው ግን አይችልም። ስለዚህ በደረቁ ፍሬ ውስጥ እምብዛም ያልነበረው ቪታሚን ሲ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ ተሠርቶ ይገኛል። ይህ ነገር አስተውሎት ይገባዋል፤ ቪታሚኑ ቀድሞ ተደብቆ ኖሮ አሁን የተገለጠ ሳይሆን፣ ያልነበረው አሁን የተፈጠረ ነው። ስለሆነም ፍሬው ሕያው ካልሆነ ቪታሚን ሲ አይገኝም።

ከዚህ የተነሣ በቆልትንና አሹቅን መለየት ያስፈልጋል። አሹቅ ባቄላው ከተቆላ በኋላ በውሃ የሚዘፈዘፍ ነው። እሳቱ ሽሉን ስለ ገደለው ባቄላው ውሃ ጠጥቶ ቢለሰልስም አይበቅልም። ሁለቱም የራሰ ባቄላ ናቸው፤ ነገር ግን አዲስ ቪታሚን የሚሠራው በቆልቱ ብቻ ነው።

2. ለውጡ በቁጥር ሲታይ

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 4.5 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ሲኖር፣ በ100 ግራም የበቀለ ጥሬ ምስር ውስጥ 16.5 ሚሊግራም አለ። የበቀለ አተር 10.4 ሚሊግራም አለው፤ የበቀለ ስንዴ ግን 2.6 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጥራጥሬ ከእህል ይልቅ በዚህ ረገድ እንደሚሻል ነው።

ነገር ግን እነዚህን ቁጥሮች እንዲሁ ማስተያየት ያሳስታል። ደረቁ ምስር ከመቶው 92 ያህል ደረቅ ነገር ሲሆን፣ የበቀለው ግን ከመቶው 67 ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት 100 ግራም ደረቅ ምስር ብታበቅል፣ በመዘፍዘፍና በመተንፈስ የሚጠፋውን ጥቂት ነገር ቀንሰን፣ ወደ 260 ግራም የሚጠጋ በቆልት ታገኛለች። እውነተኛው ማስተያየት በ100 ግራሙ ደረቅና በ260 ግራሙ የበቀለ መካከል ነው። በዚህ ሒሳብ ከዚያው ሰንጠረዥ ተነሥተን ስንቆጥር የሚከተለውን እናገኛለን።

ቪታሚን ሲ ከ4.5 ወደ 43 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው። ሪቦፍላቪን የሚባለው ቪታሚን ቢ ሁለት ከ0.21 ወደ 0.33 ሚሊግራም ይደርሳል፤ የጨመረው ግማሽ ያህል ነው። ኒያሲን ከ2.6 ወደ 2.9 ሚሊግራም ቢሄድ ነው፤ ባለበት ቆየ ማለት ይቻላል። ታያሚን የሚባለው ቪታሚን ቢ አንድ ደግሞ ከ0.87 ወደ 0.59 ሚሊግራም ይወርዳል። ሰንጠረዡ የተሠራው ከተለያዩ ናሙናዎች ስለሆነ ትንንሾቹን ልዩነቶች አጥብቆ መያዝ አይገባም፤ የቪታሚን ሲው ልዩነት ግን በናሙና የሚመካኝ አይደለም።

እንግዲህ «የበቀለ እህል ቪታሚኑ ሁሉ ይጨምራል» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። አንዱ እጅግ ይጨምራል፤ ሌላው ጥቂት ይጨምራል፤ ሌላው እንዳለ ይቆያል፤ ሌላውም ይቀንሳል። ቪታሚን ቢ አሥራ ሁለትን የመሰለው፣ ዕፀዋት ፈጽሞ የማይሠሩት፣ በማብቀል አይገኝም። ስለዚህ በጾም ወራት በቆልት መብላት መልካም ቢሆንም የወተትንና የእንቁላልን ቦታ በሙሉ ይተካል ማለት አይቻልም።

ከቪታሚን ውጪ የሆነ አንድ ጥቅም ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ፊቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ብረትንና ዚንክን አስሮ ሰውነታችን እንዳያገኛቸው ያደርጋል። ፍሬው ሲበቅል ፊቴዝ የሚባለው ኤንዛይም ይህን አሲድ ይሰባብረዋል። ቪታሚን ሲም ብረት ወደ ደም እንዲገባ ስለሚረዳ ሁለቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ።

3. ነገሩ የታወቀበት ታሪክ

ቪታሚን ሲ ያጣ ሰው ስከርቪ በሚባል በሽታ ይያዛል። ድዱ ያብጣል፤ ይደማል፤ እግሩ ይከብደዋል፤ መገጣጠሚያው ያመዋል፤ ቁስሉም አይድንለትም። በሽታው በቀድሞ ዘመን የባሕር ተጓዦች መቅሠፍት ነበር። የእንግሊዝ መርከበኞች ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ብርቱካንና ሎሚ እንደሚፈውሱት በሙከራ አሳየ። ሆኖም ሎሚ በባሕር ላይ ለማቆየት ስለሚያስቸግር ሌላ መድኃኒት ይፈለግ ነበር፤ ከታሰቡትም አንዱ የገብስ ብቅል ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. ከ1768 እስከ 1771 ባደረገው ጉዞ ብቅል ጭኖ፣ በፈላ ውሃ እያስነከረ መርከበኞቹን ያጠጣ ነበር፤ በኋላም አመሰገነው። ዛሬ እንደምናውቀው ያ ምስጋና ለብቅሉ የሚገባው አልነበረም። ብቅሉ የደረቀና በሙቀት ያለፈ ስለ ነበር ቪታሚን ሲው ጠፍቶ ነበር፤ መርከበኞቹን የጠበቃቸው ኩክ በየወደቡ ያስለቅም የነበረው ትኩስ ቅጠላ ቅጠልና ሌላው ምግብ ነው።

እውነቱ የተገለጠው ከዚያ በኋላ በብዙ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ ጊኒ ፒግ የምትባለው ትንሽ እንስሳ እንደ ሰው ስከርቪ እንደሚይዛት አሳዩ፤ በዚህም ምግቦችን ሁሉ መመርመር ተቻለ። የእነርሱን ፈለግ የተከተለው ፉርስት እ.ኤ.አ. በ1912፣ ደረቅ እህልና ጥራጥሬ ከበሽታው እንደማይጠብቅ፣ የበቀለው ግን እንደሚጠብቅ ገለጠ። በለንደን የሊስተር ተቋም ሐሪየት ቺክና ማሪየን ዴልፍ የተባሉ ሁለት ሴቶች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1919 ይህንኑ በአተርና በምስር አጸኑት።

በሰውም ላይ ተፈትኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዊልትሻየር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በስከርቪ የታመሙ የሰርቢያ ወታደሮችን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን የሎሚ ጭማቂ፣ ለሌላው ወገን የበቀለ ቦሎቄ ሰጠ። በቆልቱ የተሰጠው ወገን ከሎሚው ወገን ያላነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢም በሕንድ አገር በሒሳር አውራጃ በድርቅ ምክንያት ስከርቪ በተነሣ ጊዜ ለሕዝቡ የበቀለ ሽምብራ ታድሏል። ሽምብራው ከዚያው አገር የተገኘ፣ ሕዝቡም የሚያውቀው ምግብ ነበር።

4. በቤታችን የሚሠራው ምን ያተርፋል?

ከላይ ያየነው የኩክ ታሪክ የእኛንም ብቅል ይመለከታል። በመቀሌ ካነጋገርናቸው እናቶች እንደ ተረዳነው፣ ለብቅል የሚሆነው ገብስ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ውሃው ይጠለላል፤ በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝ ተበትኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ደርቆም ይፈጫል። በቡቃያው ውስጥ የተሠራው ቪታሚን ሲ በመድረቁ፣ በፀሐይና በአየሩ፣ ቀጥሎም በመፈጨቱ ይጠፋል። የሚተርፈው ኤንዛይሙና ከቢ ቪታሚኖች ወገን የሆኑት ናቸው። ስለዚህ ብቅል ለጠላና ለስዋ፣ እንዲሁም የሕፃናትን አጥሚት ለማቅጠን ይረዳል፤ ከስከርቪ ግን አያድንም። አጥሚቱ በብቅል ሲቀጥን እህሉ ሳይቀነስ ሕፃኑ በቀላሉ ይውጠዋል፤ በታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህ ዘዴ ለሕፃናት ምግብ ተሠርቶበታል። ሆኖም ብቅሉ ከገባ በኋላ አጥሚቱ ተመልሶ መፍላት አለበት።

በቆልት ግን ሳይደርቅ ስለሚበላ ከብቅል ይለያል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የእሳቱ ነገር ነው። ቪታሚን ሲ በሁለት መንገድ ይጠፋል፤ አንደኛ በሙቀትና በአየር ይበላሻል፤ ሁለተኛ በውሃ ስለሚሟሟ ከመቀቀያው ውሃ ጋር ይደፋል። የጠቀስነው ሰንጠረዥ፣ በ100 ግራም 16.5 ሚሊግራም የነበረው የበቀለ ምስር በፍጥነት በመጥበሻ ሲበስል 12.6 ሚሊግራም እንደሚቀረው ያሳያል። ስለዚህ አጭር እሳት ከአራቱ እጅ አንዱን ያህል ቢወስድ ነው። ለሰዓት የሚንተከተክ ንፍሮ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ያጣል፤ ውሃው ከተደፋም ኪሳራው ይብሳል።

በመቀሌ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ደረቅ ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። የበቀለው ግን ውሃ ስለ ጠጣና ውስጡ ስለ ላላ ቶሎ ይበስላል። ስለዚህ በቆልት ማገዶን ይቆጥባል፤ እሳቱ ላይ የሚቆየውም ጥቂት ስለሆነ ቪታሚኑ ይተርፋል። ይህን ጥቅም ለማግኘት ግን በቆልቱን እንደ ደረቅ ባቄላ ቆጥሮ ለረጅም ጊዜ አለመቀቀል፣ ውሃውንም ጥቂት አድርጎ ከነውሃው መብላት ያስፈልጋል።

5. ለችግር ጊዜ ያለው ጥቅም

ይህ ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ እንዳይመስል፣ የራሳችንን ወገኖች የገጠመውን እንመልከት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ መቀሌና ኮረም በመጠለያ ጣቢያዎቻቸው በዓለም ሁሉ በታወቁበት ጊዜ፣ ብዙ ሕዝብ ከትግራይና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ወደ ሱዳን ተሰዷል፤ ከምሥራቁም ወደ ሶማሊያ የተሰደዱ ነበሩ። በመጠለያዎቹ የሚታደለው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር፤ ትኩስ ነገር አልነበረበትም። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ስከርቪ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በኋላ በመጠለያዎቹ በተደረጉ ምርመራዎች ከ13.6 እስከ 44 በመቶ የሚሆኑት ታመው ተገኝተዋል። ሰዎቹ ከበሉት እህል መካከል ሕያው ፍሬ ኖሮ ቢሆን መድኃኒቱ በእጃቸው በነበረ ነበር።

በቅርቡ ጦርነትም በትግራይ ይታደል የነበረው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ የአተር ክክና 0.45 ሊትር ዘይት ነበር። ጥራጥሬው ለቀን ሲካፈል 50 ግራም ይሆናል። ይህ 50 ግራም ድፍን ምስር ሆኖ ቢበቅል 130 ግራም ያህል በቆልት ይሰጣል፤ በውስጡም ጥሬውን 21፣ በአጭር እሳት ከበሰለ በኋላ 16 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይኖራል። ድፍን አተር ቢሆን ጥሬው ወደ 11 ሚሊግራም ይሰጣል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊግራም ይበቃዋል ይላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1946 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በፈቃደኞች ላይ የተደረገው ሙከራ፣ ስከርቪን ለማስቀረትም ሆነ ለመፈወስ በቀን 10 ሚሊግራም እንደሚበቃ አሳይቷል። እንግዲህ 50 ግራሙ የበቀለ ጥራጥሬ ለሙሉ ጤንነት ባይበቃም ስከርቪን ለመከልከል ይበቃል። ምስሩ ከበሰለም በኋላ ከ10 ሚሊግራም በላይ ይተርፈዋል፤ አተሩ ግን ወሰኑ ላይ ስለሆነ አበሳሰሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ዕንቅፋት አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም እርሱ ነው። ክክ አይበቅልም። አተሩ ተገልፎ ለሁለት ሲከፈል ሽሉ ይጎዳል ወይም ይወድቃል። እኛም በቤታችን ድፍን አተርና ክክ ጎን ለጎን ዘፍዝፈን ተመልክተናል። ድፍኑ በሁለተኛው ቀን ነጭ ሥር አወጣ፤ ክኩ ግን ለሰለሰ፤ በሦስተኛውም ቀን አረፋ አውጥቶ ሸተተ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ተገዝቶ በአንድ ዓይነት መኪና የሚመጣው አተር፣ ድፍን ከሆነ ቪታሚን ሲ ሊገኝበት ይችላል፤ ክክ ከሆነ ግን አይቻልም። ክክ ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይቆጥባል፤ ለዚህም ተብሎ እንደሚመረጥ እንረዳለን። ሆኖም ከላይ እንደ ተባለው በቆልትም ቶሎ የሚበስል ስለሆነ ይህ ምክንያት ብቻውን ክክን አያስመርጥም። አትክልት በማይገኝበት ቦታና ወራት ከጥራጥሬው ከፊሉ እንኳ ድፍን ሆኖ ቢታደል ሌላው ሥራ የእናቶች ነው፤ እነርሱም ያውቁበታል።

6. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ማንኛውም ፍሬ ይብቀል፣ ይበላም ማለታችን አይደለም።

አንደኛ፣ ጓያን ለዚህ ሥራ ማዋል አይገባም። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በሰፊው አጥንተውታል። ይህን በሽታ የሚያመጣው መርዝ በጓያው ቡቃያ ውስጥ ከደረቁ ፍሬ ይልቅ ይበዛል። ስለዚህ ማብቀል ጓያን አያነጻውም፤ ያብሰዋል።

ሁለተኛ፣ ማሽላ ሲበቅል በቡቃያው ውስጥ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ ሊያወጣ የሚችል ነገር ይሠራል። የማሽላ ብቅል ከደረቀ በኋላ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ ተበጥሮ ይወገዳል፤ ይበስላልም። እርጥቡን የማሽላ ቡቃያ እንደ በቆልት መብላት ግን አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል ፈጽሞ ለምግብ መዋል የለበትም። ለማብቀል የሚመረጠው ለምግብ ተብሎ የተቀመጠ ንጹሕ ጥራጥሬ ነው።

አራተኛ፣ ለፍሬው የሚስማማው እርጥበትና ሙቀት ለተሕዋስያንም ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን አገር የበቀለ አብሽ ጥሬውን የበሉ ብዙ ሰዎች በኢ ኮላይ ተሕዋስ ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል። አብሽ በእኛም ቤት የታወቀ ነውና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ፍሬው በንጹሕ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ በየጠዋቱና በየማታው ይታጠብ፤ ውሃው በደንብ ይጠለል፤ ሽታው ወይም መልኩ ከተለወጠ ይጣል፤ ሥሩ ትንሽ እንደ ወጣ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በአጭር እሳት ይብሰል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን ጥሬውን መስጠት አይገባም። ቪታሚኑን ለማትረፍ ስንል እሳቱን እናሳጥራለን እንጂ እሳቱን አናስቀርም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ባጭሩ ስንሰበስበው፣ ፍሬ ሲበቅል ቪታሚን ሲ አዲስ ይሠራል፤ ከቢ ቪታሚኖች አንዳንዱ ይጨምራል፤ አንዳንዱ እንዳለ ይቆያል ወይም ይቀንሳል። በብቅል መልክ ሲደርቅ ቪታሚን ሲው ይጠፋል፤ በበቆልት መልክ በአጭር እሳት ሲበስል ግን አብዛኛው ይተርፋል። ይህም የሚሆነው ፍሬው ድፍንና ሕያው ሲሆን ብቻ ነው።

በአገራችን የምግቦችን ይዘት ለክቶ በሰንጠረዥ የማውጣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀምሯል። እኛ የተጠቀምንበት ቁጥር ግን የአሜሪካ ምስርና አተር ቁጥር ነው። የትግራይ ባቄላ፣ የእንደርታ ምስር፣ የራያ ሽምብራ፣ በእኛ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእኛ ብርድና ሙቀት በቅሎ፣ በእኛ ድስት በስሎ፣ በየቀኑ ቢለካ የራሳችን ቁጥር ይኖረናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ቪታሚን ሲን የሚለካ ቀላል የኬሚስትሪ ዕቃና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ነው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህሮቻችን ይህን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሙከራ ሥራ አድርገው ቢሰጡልን፣ ጓደኞቻችንም አብረውን ቢሠሩ፣ ውጤቱን በሚመጣው እትም ለማቅረብ ዝግጁዎች ነን። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም ሰው ዛሬ ማታ አንድ እፍኝ ድፍን ምስር ዘፍዝፎ ሊያሳድር ይችላል።